ከኋላ የሚመጣ እጅ

ሰኞ ማታ

እትዬ ጉልበቴ ዛሬ ከሆስፒታል ወጡ። ስማቸው ሌላ ነው፤ «ጉልበቴን፣ ጉልበቴን» ሲሉ ስለሚውሉ ግቢው ያወጣላቸው ነው፤ እሳቸውም ለምደውት ሲጠሩ አቤት ይላሉ። የግራው ተሠርቶላቸዋል። ቀኙ ቀንቶ ነው መሰለኝ እሱም ማበጥ ጀምሯል ብለው አሳቁኝ። ምራታቸው ልታስታምማቸው ከነሕፃኗ መጥታለች። ሕፃኗ ጥርስ እያወጣች ነው፤ ልቅሶዋ ግድግዳውን አልፎ እኛ ቤት ይገባል። ልጃቸው ግን እስካሁን ብቅ አላለም። ሥራ በዝቶበት ነው አሉ። እኔ ምን አገባኝ። ግን የእናት ጉልበት ተቀዶ የሚበዛው ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ሾርባ ይዤላቸው ገብቼ ገና ሳልቀመጥ «የአንቺስ ሰውዬ?» አሉኝ። ደህና ነው አልኩ። ደህና ከሆነ ለምን ሶፋ ላይ ይተኛል አሉኝ። ሶፋ ላይ እንደሚተኛ በምን አወቁ? ለካ እኔው ነግሬያቸዋለሁ። እንግዲህ ትንሽ ተጫወትን። የታመመ ሰው ጨዋታ ይወዳል።

ይህን ደብተር የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። አፍሽ አያርፍም ይሉኛል፤ እስቲ ደግሞ ለወረቀት ላውራ።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጎማ ሊያይ ሲወርድ ወሮበሎች ከመኪናው ኋላ ወጥተው አንገቱን ያዙት። ዓይኑን አስረው መስኮት በሌለው መጋዘን አቆዩት። እኔ ሞቷል ብዬ አልቅሼ ጨርሼ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ዳር ጥለውት ሄዱ፤ መንገደኞች አግኝተው እስከ ግቢው በር አደረሱት። ሌላውን አይናገርም።

የመጣ ዕለት ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ቆሞ አየሁት። ፊቱ አይታየኝም፤ ጀርባውን ግን ከሺህ ሰው መሀል አውቀዋለሁ። ሮጬ ከኋላው እቅፍ አደረግኩት። ወርውሮኝ መሬት ላይ ወደቀ፤ እጆቹን ራሱ ላይ አድርጎ ጥቅልል አለ። ግቢው ሁሉ ወጥቶ አየን። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ልጅ የለን፤ ሁለት ሰዎች ሁለት ክፍል ተካፍለን ተቀምጠናል።

ረቡዕ

ሐኪሙ ወደላከን ማገገሚያ ቤት ዛሬ አብሬው ሄድኩ። ሰውነትህ ጤና ነው፤ የተጎዳው ሌላው ነው ብሎታል። እኔ ኪኒን የሚሰጡት መስሎኝ ነበር። ኪኒን የለም። በእጅ ነው የሚያክሙት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ዝቅ ያለ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ጥራጥሬ የተሰፋበት የሚመስል ከባድ ብርድ ልብስ፣ ቢጫ መጋረጃ። የምታክመው ሴት ከእኔ ታንሳለች። ጥፍሯ እስከ ሥጋው ተቆርጧል፤ ቀለም የሚባል የለውም። ስሟን ነግራኝ ነበር፤ እኔ ግን በልቤ ባለ እጇ ብያታለሁ።

መጀመሪያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየችው። ከዚያ «ትከሻዎ ላይ ላሳርፈው?» አለችው። አይሆንም አላት። እኔ አፈርኩ። እሷ ግን ስጦታ የሰጣት ይመስል «ጥሩ ነው፤ አይሆንም ማለት ይችላሉ» ብላ እጇን ሰበሰበች። ደግማ ጠየቀች፤ ደግሞ እምቢ አላት። በዚሁ ሰዓቱ አለቀ።

ስንወጣ እንግዲህ ይህም ሕክምና ተብሎ ነው አልኩት። አውቶቡስ ላይ ከጎኑ ልቀመጥ ስል ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ።

ዓርብ፣ የምሠራበት ፀጉር ሳሎን፣ ምሳ ሰዓት

በጥድፊያ ነው። ሁለት ሰው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ አለ። ባንክ የምትሠራዋን ደንበኛዬን ፀጉሯን ሳጥባት ስለ እሱ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ጭንቅላቷን ገንዳ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፍና የምትሰማ ሴት የት ታወራዋለች። ሰው መንካት እንደማይችል ብቻ ነው ያልኳት። ስለ መውደቁም ትንሽ። ባለሳሎኗ በመስታወት ውስጥ ገላመጠችኝ። ቅናት ነው፤ ደንበኞቹ እኔን ነው የሚወዱት።

ማክሰኞ

ዛሬ ባለ እጇን እሺ ብሏታል። ትከሻው ላይ እጇን አሳረፈች፤ ቆየች፤ ተኛ። እንቅልፍ ወሰደው! እኔ ኮሪደር ተቀምጬ ማንኮራፋቱን ሰማሁ። ያ ማንኮራፋት የእኔ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በክርኔ እየጎሸምኩ ሳማርረው የኖርኩትን፣ ዛሬ ለማላውቃት ሴት በነፃ ሰጣት።

ስትወጣ ፊቷ በርቷል። «ሰውነቱ ገና እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ዛሬ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር» አለችኝ። እግዜር ይስጥሽ አልኳት፣ ሌላ ምን ልበላት።

ማታ እራት ሳቀርብ የሸሚዙ ኮሌታ ታጥፎ አየሁና አልፌ ስሄድ ላስተካክለው እጄን ሰደድ አደረግኩ። ዘሎ ተነሳ። ሳህኑ ተሰበረ።

«ከመምጣትሽ በፊት ንገሪኝ» አለኝ።

በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ መጣሁ፣ መጣሁ እያልኩ ልዙር? አልኩት። ማለት አልነበረብኝም። ስብርባሪውን ለቀምኩ።

ቅዳሜ

እህቱ መጣች። ታላቁ ናት፤ ስትገባ ቤቱን በዓይኗ ትጠርጋለች። እሱ ፊት ለፊት ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሐውልት ተቀመጠች፤ እሱም ዘና ብሎ አዋራት። እኔ ውሃ ሳቀርብ፣ ትራስ ሳስተካክል፣ መጋረጃ ስስብ በዓይኑ ይከተለኛል። እንደሚጠባበቅ ሰው።

ስሸኛት በር ላይ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ «አንቺ እጅሽም አፍሽም አንድ ቦታ አይቀመጥም። እኔ ጋ ይሁን፤ ጓሮ አለ፣ ፀጥታ አለ።»

ባሌ እንደ ድስት የሚዋሱት መሰለሽ? አልኳት። እሷም «ድስት ቢሆንማ ትጠነቀቂለት ነበር» ብላኝ ሄደች። መልሱ የመጣልኝ ከሄደች በኋላ ነው፤ አሁን ደግሞ ረሳሁት።

ሐሙስ

ባለ እጇ ለብቻዬ አስገባችኝ። የቤት ሥራ ልስጥዎ አለችኝ። ፊት ለፊቱ እንድቀመጥ። መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀምጥ። «እጄ እዚህ አለ» ብዬ ከዚያ ዝም እንድል። እንዳልዘረጋ፣ እንዳልይዝ፣ እሱ ሲነካኝም እንዳልጨብጥ።

እስከ መቼ ነው የምቀመጠው ብላት «እሱ እስኪነሳ ወይ እርስዎ እስኪደክምዎ» አለች። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው ብዬ ሳኩ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ፀጉር አጣቢ ነኝ። «ከየት በኩል ቆመው ነው የሚያጥቡት?» ከየት ይሆናል፣ ከኋላ ነዋ፤ ገንዳው ከኋላ ነው፣ ሰው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቀመጣል፤ እኔ ፊታቸውን በግልባጭ ነው የማውቀው። ራሷን ነቀነቀች። ምንም አላለችም፤ ግን ገባኝ። ሰው መቅረብ የምታውቂው ከጀርባ ነው ማለቷ ነው።

ይህ እጄ ስንት ራስ ምታት ያስተኛ እጅ ነው። ሴቶች ተቀጣጥረው የሚመጡት ለዚህ እጅ ነው። እሱም ቢሆን ከመንገድ ሲመለስ አቧራውን ከፀጉሩ የማወጣው እኔ ነበርኩ፤ ከኋላው ቆሜ፣ ሆዴን ለጀርባው ደገፍ አድርጌለት። አንድም ቀን ማን ነሽ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ

ሞከርኩ። እጄ እዚህ አለ አልኩ። አየው። ተነስቶ ዜና ከፈተ። እጄ ደነዘዘ።

ረቡዕ

ዛሬም። እጄን ሳይሆን ቀለበቴን ነው ያየው። ዝም ማለት እንዴት እንደሚያደክም! ሦስት ጊዜ ወሬ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት፤ የእትዬ ጉልበቴ ምራት ከሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ሚስት ጋር ጓደኝነት መግጠሟን ልነግረው ነበር። ለመናገር የማይሆን ምን አለው።

እሑድ ማታ

እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናብ ይዘንባል። መብራት ጠፍቶ በሩን ለብርሃን ከፍተነዋል። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እጄ እዚህ አለ። ብዙ ቆየን። የሕፃኗ ልቅሶ እንኳ የለም። ከዚያ አንዲት ጣቱን አምጥቶ መዳፌ ላይ አሳረፈ። እንደ ዝንብ። ልጨብጣት እንዴት እንዳማረኝ፣ እግሬን ጠረጴዛው ሥር ረገጥኩ እንጂ አልነካኋትም።

ጣቱን ሳያነሳ ተናገረ። ዓይኑ ዝናቡ ላይ ነው።

«ከመምታታቸው በፊት አንዱ ፀጉሬን ይደባብሰኝ ነበር። ከኋላ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚወድ ሰው። ድምፅ የለውም። ዱላውን ለምጄው ነበር፤ ያንን እጅ ግን አልለመድኩትም።»

ደግሞ «አንቺ መሆንሽን ራሴ ያውቃል። አንገቴ ነው የማያውቀው» አለ።

እንባዬ ወረደ፤ ግን አፌን አልከፈትኩም። ለባለ እጇማ ይህን ከእኔ ቀድሞ ነግሯታል፤ ለነገሩ ለእሷ ያልነገራት ምን አለ። ቢሆንም ለእኔም ነገረኝ። ሁለተኛ እንኳ ብሆን ነገረኝ።

ማክሰኞ

እትዬ ጉልበቴ ቁስላቸው አመርቅዟል። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ልጃቸው አሁንም አልመጣም። እንዲህ ሆድ ብሷቸው ሳይ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ሰው የሌላውን ሲሰማ የራሱ ይቀለዋል። እንዲያው ትንሽ ነው ያልኳቸው። የፀጉሩን ነገር። እጄን ይዘው አለቀሱ። ምራታቸውም ጓዳ ሆና አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። እኔም ቀለል ብሎኝ ወጣሁ።

ሐሙስ

ደግ ቀን። ማታ ሁለት ጣት። ፀጉሩ ስለረዘመ ነገ እስተካከላለሁ አለ፤ በራሱ ሐሳብ! ባለ እጇ ተለማምደዋል፣ ይሞክሩ ብላዋለች። ፊት ለፊት መስታወት ስላለ የሚመጣውን እጅ ያየዋል።

ዓርብ

ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ገባ።

በአንድ በኩል ፀጉር አለ፣ በሌላው የለም። የፀጉር ቤቱ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ነው። እንደዚህ ሆኖ መንገዱን ሁሉ በእግሩ መጥቷል። መጀመሪያ ልስቅ ምንም አልቀረኝ፤ ከዚያ ዓይኑን አየሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ክፉ ሰው አይደለም። ምነው ሲጨርስ በተናገረ፣ ወይም ጭራሽ ባልተናገረ። ባሌ እንደነገረኝ፣ ማሽኑን አጥፍቶ ጎንበስ ብሎ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ ከፊት ለፊት ነው የምነካህ፤ ያ ሰውዬ ያደርግህ የነበረውን ሰምተናል» አለው። ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጋዜጣውን አጠፈ።

«ለማን ነገርሽ?» አለኝ።

ለማንም አልኩ። ለማንም አይደለም እኮ። እትዬ ጉልበቴ ደግሞ ሰው ናቸው? ማለቴ እናታችን ማለት ናቸው፣ ቤተሰብ ናቸው።

አልጮኸም። ምነው በጮኸ። ጨርቁን ከአንገቱ ፈታ፣ አጣጠፈ፣ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ኮፍያውን ደፋ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እለፊ አላለኝም፣ እስካልፍ ጠበቀ። ዘወር አልኩለት።

ቅዳሜ

እህቱ ጋ ነው። ስልክ አያነሳም። ዝናብ።

ሰኞ

ከሥራ ቀርቼ ማገገሚያ ቤቱ ሄድኩ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ነገሩ ተገልጦልኝ ነበር፤ ከዚያ ክፍል ነው የወጣው። ስንት ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ቤት ነው። በሩ ድምፅ ያስተላልፋል፤ እኔ ራሴ ማንኮራፋቱን ሰምቼ የለም?

ባለ እጇን ኮሪደር ላይ አገኘኋትና የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። የሰው ምስጢር የማትይዢ ከሆነ ምን ብለሽ ነው የሰው ገላ የምትይዢው አልኳት። የፀጉሩን ነገር በሙሉ አነሳሁባት። መጋዘኑን፣ ከኋላ የሚመጣውን እጅ፣ ፀጉር ቤቱን። ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ቀና ብለው አዩን።

እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ይህን ለእኔ ገና አልነገረኝም» አለችኝ።

አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

«ከእርስዎ መስማቴ ነው» አለች። ክፉ አድርጋ አይደለም ያለችው። ውሃ ላምጣልዎ አለችኝና አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ። ብርጭቆውን ስትቀበለኝ እንኳ ጣቶቼን እንዳትነካ ተጠንቅቃ ከታች ያዘችው።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ቆሜ መጣሁ።

ረቡዕ፣ ሳሎን

የባንኳ መጣች። ገንዳው ላይ አንገቷን ጥላ «እህ፣ ሰውዬሽስ?» አለች። ውሃው ሞቀሽ? አልኳት። አልሞቀኝም፣ ሰውዬሽስ አለች። አሁን ግንባርሽ ላይ እጄን ላደርግ ነው አልኳት። ሳቀች። ምን ሆነሻል ዛሬ፣ ራሴን ልታጥቢ ነው ልታጠምቂኝ አለችና ሳሎኑ ሁሉ አብሮ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጆሮሽ ጋ ልመጣ ነው አልኳት።

ባለሳሎኗ ማታ ደንበኞች ምን ሆናለች እያሉ ነው አለችኝ። ወትሮ ትጫወቺ ነበር አለች። ጉሮሮዬን አሞኝ ነው አልኩ።

እሑድ

እህቱ ልብሱን ልትወስድ መጣች። ሻንጣ ይዛ። ሸሚዞቹን፣ ሹራቡን፣ የሥራ ጫማውን፣ መላጫውን። እኔ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ቆምኩ፤ አላገዝኳትም፣ አልከለከልኳትም። ጓደኛውን ያጣ ካልሲ ሳይቀር ከመሳቢያው ሥር ጠርጋ ወሰደች። ባዶ መስቀያዎቹ ሲላተሙ ይሰማል።

በጣም ተሽሎታል አለችኝ። ባለ እጇ ጋ መሄዱን አልተወም። ቀሪ ፀጉሩን እራሱ በመስታወት ተላጨ። የእሷ ትንሿ ልጅ «አጎቴ፣ ልውጣ?» ብላ ጠይቃው ትከሻው ላይ ተሸክሟት ጓሮውን ዞረ አለች። ጠይቃው የሚለውን ረገጥ አድርጋ ነው ያለችው። የአምስት ዓመት ልጅ!

አንድ መልስ ነበረኝ። እንኳን ደስ ያለው አልኩ። እሷም ነገር የምትፈልግ መስላ ትንሽ ቆመች፤ ስታጣ ሻንጣዋን አነሳች። በር ላይ ስትደርስ ደግሞ ዞር ብላ «አንቺስ ትበያለሽ?» አለችኝ። እበላለሁ አልኳት። አልበላሁም።

እትዬ ጉልበቴ በምራታቸው ሁለት ጊዜ አስጠሩኝ። አልሄድኩም። ምን ጥፋት አላቸው? የሰጠኋቸውን ነው የሰጡት።

ማክሰኞ

መጣ።

መንጃ ፈቃዱን ሊወስድ ነው የመጣው። እኔ ጠረጴዛው ላይ ምስር እለቅማለሁ፤ ፊቴ ወደ በሩ ስለሆነ ገና ግቢውን ሲያቋርጥ አየሁት፣ እሱም እንዳየሁት አየ። ፀጉሩ ሙሉ ለሙሉ አጭር ሆኗል። ወፍሯል። እጄን አራግፌ መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «እጄ እዚህ አለ» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ተቀመጠ። እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነው።

«ጎረቤትሽ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

ደህና ናቸው አልኩ። ጉልበታቸው ዳግም ሊቀደድ መሆኑን፣ ልጃቸው በመጨረሻ መጥቶ ከሚስቱ ጋር በር ላይ መጨቃጨቁን፣ ሕፃኗ አራት ጥርስ ማውጣቷን፣ ይህ ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። ደህና ናቸው።

እሱ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እንባዬ እንዳይመጣ ምስሩን አየሁ።

ያኔ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጉልበቴ ናቸው፤ በምርኩዝ፣ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግራቸው እኛ ቤት ድረስ። ተነስቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ደፉ ላይ ቆምኩ። እሱ ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል፤ አያዩትም፣ እሱ ግን ይሰማል።

«ሲገባ ያዩት አሉ» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አያውቁም። «እህ ልጄ፣ ተሻለው ወይስ እንዴት ነው? ያን ነገርስ፣ አሁን ያስነካል?»

«ደህና ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«ደህናማ ይሁን። እኔ እናትሽ አይደለሁም እንዴ? ንገሪኝ እንጂ።»

«ደህና ነው» አልኩ። «ጉልበትዎስ?»

ትክ ብለው አዩኝ። ያዘኑብኝ መሰለኝ። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው አወሩልኝ፤ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ምራታቸው፣ ስለ ልጃቸው አፍ። ቆሜ ሰማሁ። ይግቡ አላልኳቸውም፣ ይህም በሕይወቴ የመጀመሪያ ነው። ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሄዱ።

ስመለስ እጁ ከኪሱ ወጥቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከምስሩ ሰፌድ ወዲህ፣ እኔ እጄን ባስቀመጥኩበት ቦታ ላይ ነው። በሩ ጋ ቆምኩ። ልምጣ? አልኩት።

«ዛሬ አይሆንም» አለ።

እሺ አልኩ። ጥሩ ነው የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣልኝም።

መንጃ ፈቃዱን ከመሳቢያው አወጣሁለትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አነሳው። ቁም ሣጥኑ በሩ ክፍት ነበር፤ መስቀያዎቹ ባዶ ሆነው ይታያሉ፤ እሱም አያቸው። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ፤ ጀርባው ወደ እኔ ነው። ከዚያ ከተመለሰበት ዕለት ወዲህ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲቆም የመጀመሪያው ነው። ባለሁበት ቆምኩ።

«የቀረውን ልብስ ሐሙስ መጥቼ እወስዳለሁ» አለ።

የቀረ ልብስ የለውም። እሺ አልኩት።